አስራ አራት ቁጥር

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲልሰው
ማሞቂያውን ከፍ አደርገዋለሁ።
ደሴ ጋቢ ለደረበም ትበርዳለች፤
እነዚህ ደግሞ ጠጉር እንኳ የላቸው።

ሃያ ሣጥን፣ ሃያ አይጥ፣ ሃያ ቁጥር።
ስም ማውጣት ክልክል ነው፤
ዶክተር ሙሉሸዋ ግድግዳው ላይ ጽፋዋለች፦
«ስም ያወጣ እጅ ሲለካ ይንቀጠቀጣል።»
እኔም ቁጥር እጠራለሁ።
አስራ አራት ላይ ስደርስ ግን
ድምፄ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ራቁቷን የተወለደች፣ ሮዝ፣ ቆዳዋ የተሸበሸበ፤
ደሟ ውስጥ ዘበኛ የላት፣
«ማነህ? ከየት ነህ?» የሚል።
የመጣውን ታስገባለች።
ወሎ እንግዳ አይመልስም ይባላል፣
እሷ ግን ከወሎም ባሰች፤
የሰው ሥጋ መጣባት፣ ከቆዳዋ ሥር አስተኛችው፣
ደም ሥሯን ስባ አጎረሰችው።

እንግዳው የይመር ነው።
ይመር እንድሪስ፣ የኮምቦልቻው ጎሚስታ፤
ሐረጎን ሽቅብ የሚያቃስት መኪና ሁሉ ያውቀዋል።
ግራ ጭኑ ላይ፣ ከጡንቻና ከጮማ መሐል፣
ለውዝ የምታህል ነገር ወጣች።
«ጎማ ነው የመታኝ» አለ።
በቅቤ አሸው። ሸኹ እፍ አሉበት።
ለውዟ ሎሚ ሆነች፣ ሎሚዋ የሕፃን ራስ።

ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ
ጤፍ የምታህል ቁራጭ
በረዶ ታቅፋ ወደኔ መጣች።
ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣቱ ፈርሞ ነበር፤
ግሪስ ያልለቀቀው ጣት
ቀለም አላስፈለገውም።

ማክሰኞ ማክሰኞ እለካታለሁ።
ካሊፐሩን አስቀድሜ በመዳፌ አሞቀዋለሁ።
ሦስት ሚሊሜትር። አምስት። ዘጠኝ ተኩል።
«ያዘ!» አለች ዶክተር ሙሉሸዋ፣ እንደ ችግኝ፤
አጨበጨበች።
እኔም ደስ አለኝ።
ያን ማታ ደስ ማለቴን ሳስበው
እራት አልወርድ አለኝ።

ይመር በጥቅምት ሞተ።
በጥር ሥጋው ገና ያድግ ነበር፣
እዚህ፣ በሃያ ሰባት ዲግሪ ሙቀት።

ሉባባ መጣች፣ ሚስቱ፤
ጫማዋን በር ላይ አውልቃ።
«የተቆረጠውን የት ቀበራችሁት?
በኛ ደንብ ጥፍር እንኳ አፈር ይለብሳል።
እሱ ገራዶ ተኝቷል፤ ያኛው ብቻውን የት ነው?»

ውሸት አፌ ላይ ተሰልፎ ነበር።
ደንቡን ጥሼ ሣጥኑን አመጣሁት።
ከክንዷ በታች ያበጠውን አሳየኋት።

እንድትረግመኝ ጠበቅኩ።
ጎንበስ ብላ አየቻት፣ ረዥም ጊዜ፣
የበሬ ጥርስ እንደሚቆጥር ገበያተኛ።
«ያማታል?»
«ማስታገሻ እሰጣታለሁ» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።
«ትበላለች?»
«ትበላለች።»
«እሱ መጨረሻ ላይ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

ቆየት ብላ፦ «መድኃኒቱ ለማን ነው?»
«ገና ላልታመመ ሰው።»
«ስሙ ማነው?»
«አናውቀውም።»
ራሷን ነቀነቀች፣ መስማማት ይሁን ማዘን አልለየሁም።
ከዚያ ከንፈሯን ወደ ሣጥኑ አስጠግታ፣
ቀስ ብላ፣ ለአይጧ፦
«አብሽሪ» አለቻት።

መድኃኒቱ ሐሙስ ተወጋ።
ዘጠኝ ተኩል ስምንት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣
እዚያ ቆመ።
ዶክተሯ አላጨበጨበችም፣ አላዘነችም፤
ስድስትን አስምራ ሌላ ገጽ ገለጠች።

በአርባ ሁለተኛው ቀን፣ እንደ ደንቡ፣
አስራ አራት ቁጥር አበቃች።
በእጄ ነው። ሌላ ሰው እንዲያደርገው አልፈቀድኩም።
ሬሳ በቢጫ ከረጢት ወደ እሳት ይሄዳል፤
ደብተሩም «ተቃጥላለች» ይላል።
እጄ ጽፎታል።

ገራዶ ግን፣ ከአንድ መቃብር ግርጌ፣
ስንዝር የማይሞላ አዲስ አፈር አለ።
ሉባባ ድንጋይ አቀበለችኝ።
ማን እንደቆፈረ አልተነጋገርንም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ጉሙ ወርዷል።
ከመቅበሬ በፊት ጤፍ የምታህለውን ቆርጠን
ለሌላዋ ሰጥተናት ነበር።
ካሊፐሩን በመዳፌ አሞቃለሁ።
አስራ አምስት ቁጥር፦
ሦስት ሚሊሜትር።